መርዶ ነጋሪዎቹን ያስጎበኘሁ ዕለት

ሰው ፊቴ ካለ ዝም ማለት አልችልም። ይህ በሽታ እንደሆነ ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ የመጀመሪያዋ እናቴ ናት። ዕድሜዬን በሙሉ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ስነዳ ኖሬያለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወጣም ስወርድም አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ ስለማወራ፣ ተሳፋሪው "ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም፣ ፊትህን ወደ መንገዱ" እያለ ይለምነኝ ነበር። ገደል ሳልገባ ጡረታ የወጣሁት በችሎታዬ እንዳይመስላችሁ። መኪናዋ መንገዱን ከኔ ይልቅ ታውቀው ስለነበር ነው። በመጨረሻ ዓይኔ ሲደክም ልጄ መንጃ ፈቃዴን ከኪሴ አውጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። እኔም አኩርፌ የተወለድኩበት መንደር ገባሁ።

መንደሬ ዋንዛ አምባ ትባላለች። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ስትወርዱ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለ፤ እሱ ሲያልቅ እኛ እንጀምራለን። ቤቱ የድንጋይ፣ ሰዉ የእጅ ባለሙያ ነው። ሸማኔ አለ፣ እንጨት ጠራቢ አለ፣ ስፌት ሰፊ አለች፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥል አለ፣ መንዙማ የሚያወጣ አለ። የጥንቱ መስጊድና የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይተያያሉ። ከጦርነቱ በኋላ ጎብኚ የሚባል ጠፍቶ ከረመ። ኋላ ቅዳሜና እሁድ ከደሴም ከኮምቦልቻም ሰው ብቅ ማለት ሲጀምር፣ የመንደሩ ወጣቶች ኮሚቴ አቋቁመው "ማን ያስጎብኝ?" ተባባሉ። ወጣቶቹ ሥራ ነበራቸው። ሥራ የሌለውና አፍ ያለው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ባጅ አሠርተው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ፎቶው ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ "ይመር" የሚለው ግን በደማቁ ተጽፏል።

ውሸታም አይደለሁም፤ እጨምራለሁ እንጂ። የመስጊዱ ምሰሶ የተጠረበበትን ዛፍ በፊት በፊት "አራት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም ነበር" እል ነበር። ጎብኚው ሲገረም ደስ ስለሚለኝ ዛፉ በየሳምንቱ እየወፈረ ሄደ። የመስጊዱ ሼህ አሊ አንድ ቀን ሰምተውኝ "ይመር፣ ይህ ዛፍ በዚህ አያያዙ ወሎን ሊሞላ ነው" አሉኝ።

ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን የሁለቱን እህቶች ቤት ነበር። ታላቂቱ ፋጡማ፣ ታናሺቱ ዘሀራ። አንዱን መሶብ ለሁለት ነው የሚሰፉት። ዘሀራ አካሉን፣ ፋጡማ ክዳኑን፣ ሳይለካኩ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወስፌ። ሲያልቅ ክዳኑን በላዩ ያስቀምጡታል፤ ልክክ ይላል። ጎብኚው ያጨበጭባል፣ እኔ ራሴ የሠራሁት ይመስል እኩራራለሁ። ፋጡማ ባሏ ሲሞት ወደ አፋር፣ ሚሌ፣ ልጇ ዘንድ ሄደች፤ የክዳን ሥራውም አብሯት ሄደ። በዓመት አንድ ጊዜ ክዳኖቿን ይዛ ትመጣለች። ያን ሰሞን ልትመጣ ነበር። ዘሀራም ለመጣው ሁሉ "ፋጡማዬ በዚህ ሳምንት ትገባለች" እያለች የቤቷን ግድግዳ ነጭ አፈር ቀብታ ጨርሳለች።

እንግዲህ የሆነው በዚያው ሳምንት ነው።

ቀኑ የሥራ ቀን ስለነበር ጎብኚ አልጠበቅሁም። ከምሳ በኋላ መንደሩ መግቢያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ጋር ሳወራ፣ አንዲት የኮንትራት ሚኒባስ መጥታ ሁለት ሰው አወረደችና ተመለሰች። ኩታ የደረበ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌና ሚስቱ የምትመስል ሴት። ሴትዮዋ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ሰፋ ያለ ነገር አቅፋለች።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ ሽማግሌው።

"ወአለይኩም ሰላም። እንኳን ደህና መጣችሁ። ይመር እባላለሁ፣ የዋንዛ አምባ አስጎብኚ።" ባጄን አነሳሁለት።

ባጁን አየ፤ ሚስቱን አየ። "እንድሪስ እባላለሁ። እሷ ከድጃ ናት። ሼህ አሊን ነበር የፈለግነው።"

ሼህ አሊ የመስጊዱን ቁልፍ የሚይዙት ናቸው፤ ጎብኚ ሁሉ ስማቸውን ሰምቶ ነው የሚመጣው። የቅሬያችን ዳኛ መሆናቸው ያን ሰዓት አልታወሰኝም። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው።

"ሐርቡ ገበያ ወርደዋል፤ ወደ ማታ ነው የሚመለሱት። ግን አይቸግርም፣ ቁልፉን ለኔ ትተውልኛል" አልኩ።

"እዚሁ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን።"

"ምን ሲባል? እንግዳ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እኔ ልዙር?"

"ወንድሜ፣ እኛ እንኳ ለጉብኝት..."

"ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ኋላ ማን ያስወጣዋል። እህቴ፣ እሱን ልያዝልሽ።" ማዳበሪያውን ከከድጃ እጅ ወሰድኩት። ልትከለክለኝ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ግን ከፊት ሆኜ መንገድ ጀምሬያለሁ፣ አፌም ጀምሯል።

የወሎ ሰው ከሆናችሁ፣ ባትሆኑም፣ ታውቁታላችሁ፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ለምን እንደመጣ አይናገርም። ከሐዘንተኛው ቤት ርቆ፣ ለቅሬው ዳኛ በጆሮው ይነግራል። ሐዘንተኛው ራቱን ይበላል፣ እንቅልፉን ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ቤቱን ይከበዋል፣ ያኔ ይነገረዋል። በባዶ ሆድና በብቸኝነት መርዶ አይሰማም። እነዚያ ሁለት ምስኪኖች ይህን ሊያደርጉ ነበር የመጡት። መንገዳቸው ላይ እኔ ተጋደምኩ። "የመጣነው ለመርዶ ነው" ብለው ለማያውቁት ለፍላፊ እንዴት ይንገሩት? ቀላሉ ነገር መጎብኘት ሆነ።

መስጊዱን ከፈትኩላቸው። የምሰሶውን ጠራቢ ታሪክ ጀመርኩ፤ ግማሹን አያቴ ነገሩኝ፣ ግማሹን እኔ ጨመርኩ። ጠራቢው የመጨረሻዋን አበባ ቀርጾ መሮውን ባስቀመጠበት ቀን ሞተ ስል ከድጃ ምሰሶውን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ተሳካልኝ አልኩ በሆዴ። እስከዚያ ቀን ሳቅ እንጂ እንባ አስወጥቼ አላውቅም። እንባ ሲመጣ ደግሞ ሰው ስግብግብ ይሆናል። ለጠራቢው አንዲት እህት ፈጠርኩለትና፣ ሞቱን ሳትሰማ መንገድ መንገዱን ስታይ እንድትኖር አደረግሁ።

ከድጃ ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ ተንሰቀሰቀች። እንድሪስ ክንዴን ያዘ።

"ወንድሜ ይመር፣ ይበቃል።"

"ይህ ምኑ ነው፣ ገና አልጨረስኩም።"

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይበቃል።"

ጥበብን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ብዬ ወጣሁ። በሸማኔዎቹ በኩል አሳለፍኳቸው፤ መወርወሪያው ሲመላለስ ለማየት እንኳ አልቆሙም። ቶሎ ወደ ትልቁ ነገር መሄድ ፈልገው ነው ብዬ፣ የዘሀራ ቤት በሚታይበት መታጠፊያ ላይ ስደርስ ድምፄን ለቀቅሁት።

"ዘሀራ፣ ኧረ ዘሀራ። እንግዳ አመጣሁልሽ።"

የእንድሪስ ምርኩዝ ከእጁ ወደቀ። "የማን ቤት ነው ያልከው?"

"የሁለቱ እህቶች ነዋ። ዋንዛ አምባ መጥቶ እሱን ሳያይ የሚሄድ አለ እንዴ?"

ከግንቡ ጀርባ ጎትቶ አስገባኝ። ጉልበቱ አስገረመኝ። "ዝም በልና ስማኝ። ፋጡማ ሞታለች። እኔ የልጇ ባል አጎት ነኝ። ትኩሳት ያዛት፣ አልተነሳችም፤ እዚያው ሚሌ ቀበርናት። ለቅሬው ዳኛ ልንናገር ነው የመጣነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመዶቿ ከደሴ፣ ከሆጤ ይደርሳሉ። ዘሀራ በመልክ አታውቀንም፣ ስለዚህ ነው እኛ የተላክነው።"

"የትኛዋ ፋጡማ?" አልኩት፤ እያወቅሁ።

"በእጅህ የያዝከው ክዳኗ ነው። ልትጨርሰው ትንሽ ነበር የቀራት።"

ማዳበሪያውን አየሁት። እስከዚያ ድረስ እንደ ተራ ዕቃ በብብቴ ሸጉጬ እያወዛወዝኩት ነበር የመጣሁት። እኔ፣ ፋጡማና ዘሀራ አብረን ነው ያደግነው። ፋጡማ ልጅ ሆኜ ዛፍ ላይ ስሰቀል ከሥር ቆማ "ውረድ፣ አንተ ዝንጀሮ" እያለች የምትጮህብኝ ነበረች። ማልቀስ ፈለግሁ።

"ይመር፣ ከማን ጋር ነው ግንብ ሥር የምትንሾካሾከው?" ዘሀራ በሩ ላይ ቆማለች። "እንግዶቹን አምጣቸው እንጂ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ የኔ ዓለም።"

መመለሻ አልነበረም። ብንሸሽ ትጠረጥራለች፣ ብንገባም ጉድ ነው። ማዳበሪያውን ከጋቢዬ ሥር ወደ ጀርባዬ አዞርኩትና ገባን።

መደቡ ላይ ተደግፌው ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ትዝ ያለኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ክዳኑ የተሰፋበት የደረቀ አክርማ ሣር ሲነካኩት ይንኮሻኮሻል፣ ስፌት የምትሰፋ ሴት ደግሞ ያን ድምፅ በእንቅልፏም አትስተውም። እንጨት ሆንኩ። ትንፋሼንም ቆጥቤ መተንፈስ ያዝኩ።

ዘሀራ መሀል ቤት የቆመውን ትልቁን መሶብ ገለጠችላቸው። አካሉ አልቋል። ቀዩ፣ ጥቁሩና አረንጓዴው አለላ ተጠማዞ ወደ ላይ ይወጣና አፉ ላይ ቀጥ ይላል።

"ክዳኑ እህቴ ዘንድ ነው" አለች። "ከወዲህ የጀመርኩትን መስመር እሷ ከወዲያ ትቀጥለዋለች። እንዴት እንደምታውቀው አትጠይቁኝ። ከየት ነው የመጣችሁት?"

እንድሪስ መለሰ። "በባቲ በኩል ነው።"

"በባቲ? ፋጡማዬም የምትመጣው በዚያው ነው። በመንገድ ካገኛችኋት ቶሎ ነይ በሉልኝ። መንገድ መንገዱን ሳይ ዓይኔ ፈሰሰ በሉልኝ።"

ሽማግሌው በሐሰት ምሎ የሚያውቅ ሰው አይመስልም። "አላህ ያገናኛችሁ" አለ።

"አሚን" አለች ዘሀራ፣ እጇን ዘርግታ።

ከድጃ ተነስታ ወጣች። ከውጭ ለቅሶዋ ተሰማ። ዘሀራ ወደ በሩ ዞረች፤ "ምን ሆነች?"

ዝም አልኩ። እኔ፣ ይመር።

"ይመር፣ ምነው? አንተ ዝም ያልክበትን ቀን አይቼ አላውቅም። ምን የሆነ ነገር አለ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። የኔ ዝምታ ራሱ መርዶ ነበር። ሌላ ሰው ዝም ቢል ጨዋ ነው፤ እኔ ዝም ካልኩ ግን አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ዘሀራ ራቷን በልታ፣ ጎረቤት ዙሪያዋን ከቦ እንድትሰማው ከተፈለገ መለፍለፍ አለብኝ። በሕይወቴ መናገር የከበደኝ ያን ዕለት ብቻ ነው።

"እሷ እንኳ ከመስጊዱ ጀምራ ነው የምታለቅሰው" አልኩ። "የጠራቢውን ነገር ነግሬያት ነው። እህት ጨመርኩበት።"

"የምን እህት? ጠራቢው እህት አልነበረውም።"

"ዛሬ ተወልዳ ዛሬ ሞተች።"

ዘሀራ ሳቀች። "ያ ረቢ፣ ሰው ማስለቀስም ጀመርክ? እህቴ፣ ነይ ግቢ፣ የዚህን ሰውዬ ወሬ ሰምቶ የሚያለቅስ የለም" ብላ ተጣራች። በፊቴ ወደ በሩ ልታልፍ ስታጎነብስ እኔም መንገድ ልለቅላት ፈቀቅ አልኩ። ከጀርባዬ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ሽሽሽ አለ።

ዘሀራ ቀና አለች። "ምንድን ነው እሱ?"

"ወገቤ ነው።"

"ወገብህ?"

"ወገቤ። ከሐረጎ ጀምሮ እንዲህ ነው።"

"ወገብ እንዲህ አይጮህም። ይህ የአክርማ ድምፅ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር አክርማ ይመስልሻል። ሾፌር ሲያረጅ አጥንቱ ይደርቃል፣ ሐኪም ነግሮኛል።" ልታይ ስትጠጋ ወደ ግድግዳው ተለጠፍኩ፤ እንደገና ሽሽሽ አለ። "ኧረ አትጠጊኝ፣ ልሰበር ነው።"

እንድሪስ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ከመቀመጫው ተነሳ። "እኔ ወገብ አሻለሁ" አለ በዚያ ሐዘንተኛ ድምፁ። "አባቴ ያሹ ነበር።"

"ተመስገን በለው" አለች ዘሀራ። "ቅቤ ላምጣ።"

ጓዳ ገብታ እስክትመለስ እንድሪስ ከኋላዬ ተቀምጦ ማዳበሪያውን ከጋቢዬ አውጥቶ በራሱ ኩታ ሥር አደረገው። ዘሀራ ቅቤውን ስታመጣ፣ መርዶ ይዞ የመጣው ሰው እኔን እንደ ሊጥ እያሸ አገኘችው። በእውነትም ያሽ ነበር። እኔም ከሕመሙም ከልቤም "ዋይ፣ ዋይ" አልኩ። ከጀርባችን አክርማው በየእሽታው ይንኮሻኮሻል።

"ስሙት፣ ስሙት" አለች ዘሀራ። "ይህ ሰው ሲሞት መቅበር አያስፈልግም፣ ሰፌድ ይሠሩበታል።" ሳቀች። ተቀምጣ ሳቀች፣ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፣ በነጠላዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር። እሷም ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት ፊቷን ሸፈነች። ዘሀራ ለእንግዶቹ ምግብ አቀረበች፣ አብራ ቀመሰች፤ እየተሳሳቁ ተሸኙ። ክዳኑ በእንድሪስ ኩታ ሥር በበሩ ወጣ።

ወደ ማታ ሼህ አሊ ከሐርቡ ሲመለሱ ከመንደሩ በታች ጠበቅናቸው። ሲሰሙ በቅሏቸውን ትተው መንገድ ዳር ተቀመጡ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና፣ "በልታለች?" ብለው ጠየቁ።

"ከእንግዶቹ ጋር ቀምሳለች።"

"መቅመስ አይበቃም። ነገ የሚገባላት ነገር አይኖርም። ሂድና ራት አብላት።"

"ሼህ አሊ፣ እኔ አልችልም። ከዚህ በላይ አልችልም።"

ዓይናቸውን አንስተው አዩኝ። "ዕድሜህን ሙሉ ስትለፈልፍ የኖርከው ለመቼ ነው?"

ሼህ አሊ ቤት የተሠራ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዤ ተመለስኩ። "ለወገቤ የታዘዘ ነው፣ ብቻዬን አልጨርሰውም" አልኳት። በላች። እኔም አንድ ጉርሻ ይዤ ሳላምጥ ሳላምጥ፣ ስለ ሐረጎ፣ ስለ ተሳፋሪዎቼ፣ ስለ መንጃ ፈቃዴ አወራሁ። ያልሰማችው ወሬ የለም፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ሳቀችበት።

ስነሳ "ፋጡማ ስትመጣ" አለች፣ "ይህን የወገብህን ነገር ነው መጀመሪያ የምነግራት። ሆዷን ይዛ ነው የምትወድቀው።"

"ንገሪያት" አልኩ።

ጎህ ሲቀድ መንደሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በየአጥሩ ጥግ ድምፁን አጥፍቶ ቆመ። የሆጤ ዘመዶች ደርሰዋል። ሼህ አሊ "በሩን አንተ አንኳኳ፣ ድምፅህን ስትሰማ አትደነግጥም" አሉኝ። አንኳኳሁ። ዘሀራ ነጠላዋን እያጣፋች ከፈተች። ገና ስላልነጋ ያየችው እኔን ብቻ ነበር።

"ወገብህን ተሻለህ ወይ?" አለችኝ።

ከኋላዬ ሼህ አሊን አየች። ዘመዶቿን አየች። ከዚያ እንድሪስንና ከድጃን፤ ማዳበሪያው አሁን በግልጽ ከድጃ እጅ ላይ ነው። ሼህ አሊ "ዘሀራ ልጄ፣ አብሽሪ" ብለው ሲጀምሩ እሷ እያየች የነበረው እኔን ነው።

"ይመር፣ ትናንት ታውቅ ነበር?"

ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ ያዟት። እንደ ወጉ፣ በሆዷ ምግብ አለ፣ በዙሪያዋ ሰው አለ። ወጉ ሁሉ ተፈጽሟል።

ሐዘን ተቀምጣ ስትጨርስ ልጠይቃት ገባሁ። ወደ ግድግዳው ዞረች። "እህቴ አፈር ለብሳ እኔን በቅቤና በወገብ አሳቅኸኝ" አለች። "ሁላችሁም ስታዩኝ ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ውጣልኝ።"

ወጣሁ። ባጄን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ኮሚቴው ቢለምነኝ ወገቤን አመመኝ አልኩ፤ ይህን ስል ራሴን ጠላሁት። ሼህ አሊ "ወግ ነው፣ ያጠፋነው የለም" ይሉኛል። ወግ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ያላወቀውን መንደር ሙሉ አውቆ፣ እሱ ሲስቅ እያዩት ማደር ምን ዓይነት ደግነት ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በር ላይ ቆማችሁ ዱብ ታደርጉት ነበር? እኔ ብዙ ሌሊት አስቤው መልስ አላገኘሁለትም፤ ወሬ ሞልቶኝ መልስ ያጣሁበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ጎብኚ በረከተና ኮሚቴው ባጁን በግድ አንገቴ ላይ መለሰው። የዘሀራን ቤት ግን በሩቁ ነበር የማሳልፈው። አንድ ቅዳሜ ከደሴ የመጡ መምህራንን ይዤ በዚያ ሳልፍ፣ አንዷ "ይሄስ?" ብላ ጠየቀች።

"ዝግ ነው" አልኩ፣ እየፈጠንኩ።

"ማነው የዘጋው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ዘሀራ ወጣች። ከስታለች፤ አነጋገሯ ግን ያው ነው። "ለምንድን ነው ቤቴን ዝግ ነው የምትለው፣ አንተ ውሸታም? ኑ እናንተ ልጆች፣ ግቡ።"

መሀል ቤት፣ ያላለቀው የፋጡማ ክዳን ከተከደነበት መሶብ አጠገብ አቆመቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

"ይህ የሁለት እህቶች ቤት ነው" አለቻቸው። "አንደኛዋ ሞታለች። መርዶዋ የመጣ ዕለት ይህ የምታዩት ሽማግሌ ያውቅ ነበር። እዚህ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ወገቤ ነው እያለ፣ ሆዴ እስኪቆስል አሳቀኝ። ክረምቱን ሙሉ አኮረፍኩት። እህቴን ላስብ ስል የሚመጣብኝ ሞቷ ነው፣ መቃብሯ ነው፣ ያላየሁት ሚሌ ነው። በዚያች ማታ ብቻ ናት በመንገድ ላይ ሆና ወደኔ እየመጣች ያለችው። ምን ልንገራት እያልኩ ያደርኩት ያን ማታ ነው።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ፋጡማ ለሰው ሁሉ ከሞተች በኋላ፣ ለኔ አንድ ማታ ኖረችልኝ። ያኖራት ይህ ለፍላፊ ነው።"

መምህራኑ ይሳቅ ወይስ ይለቀስ ግራ ገባቸው። የጠየቀችው ልጅ ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው አባት?"

አፌን ከፈትኩ። የምጨምርበት ነገር አጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ዕለት ጨዋ አደረገኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ዛሬም እለፈልፋለሁ። ለጎብኚ ስል በወሬዬ ሰው መግደል ግን ትቻለሁ። ሰው ፊቴ ሲያለቅስም በኔ ወሬ ነው ብዬ አልኩራራም፤ ሰው የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ዋንዛ አምባ ብቅ ካላችሁ እዚያው ድንጋይ ላይ ታገኙኛላችሁ። ወዴት ልውሰዳችሁ ከማለቴ በፊት ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ ውሃ ሰጥቼ፣ ማንን ብላችሁ እንደመጣችሁ እጠይቃችኋለሁ። ከዚያም፣ ወላሂ ከባድ ነው፣ ተናግራችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ዝም እላለሁ።